ሰኞ ሰኞ የማይነሳው ኮሮላ

ጥያቄው

ጤና ይስጥልኝ፣ ሙያው ያላችሁም እንደኔ የተቸገራችሁም። መኪናዬ የ2003 ኮሮላ ናት፣ ካምቢዮዋ በእጅ የሚቀየር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ እመላለስባታለሁ፤ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ግቢ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ቁልፍ ሳዞር ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤቶቼ ሰኞ ጠዋት መኪና መግፋት የሥራ መደባቸው ሆኗል። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ አሮጌው ሆነ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ዲናሞው ነው አለኝ፤ ሌላው የባትሪው ጥራት ነው አለ፤ ሦስተኛው ገመዱን በሙሉ ካልቀየርን ብሎ ዋጋ ሲጠራልኝ አመስግኜ ወጣሁ። ቆማ ባትሪዋን የሚበላውን ነገር በራሴ እጅ ማግኘት እችላለሁ ወይ? ቴስተር አለኝ፣ ግን ከቤት ሶኬት ሌላ ለክቼበት አላውቅም።

ይህን ኢንተርኔት ላይ የጻፍኩት እሑድ ማታ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ 31 ደረሰ። ከመሃሉ የረባው ከማይረባው ጋር ተደባልቆ ስለቀረ፣ እንደኔ የሚቸገር ሰው ሁሉንም ሲያገላብጥ እንዳይውል በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ። ስድቡን ቀንሼዋለሁ።

መልሶቹ

1ኛው ባትሪ የሚሸጥ ሰው ይመስለኛል፣ ቁጥሮቹ አፉ ላይ ናቸው። አዲሱን ከመግዛቴ በፊት አሮጌውን ለክቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። አልለካሁም። ሞተር ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል፤ 12 ከደረሰ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ደግሞ ዲናሞው እየሞላ ነው ማለት ነው። ወጥቼ ለካሁ፤ ጠፍቶ 12.1፣ ተነስቶ 14.1። ዲናሞውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሰረዝኩት። መቸኮሌን የነገረኝ 16ኛው ነው።

2ኛው መልስ ከአንድ አዛውንት የመጣ ነበር። ከፊያት 124 ዘመን ጀምሮ መሪ ጨብጠው እንደኖሩና ለዚህ ቴስተር እንደማያስፈልግ ጻፉ። መኪናውን አስነስቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ዲናሞው አይሠራም፣ ካልጠፋ ይሠራል። አጭርና ግልጽ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ካቻቢቴና ቁልፍ ይዤ ወደ ግቢ ልወጣ ነበር።

3ኛዋ ሴት ናት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ጥቂት ወራት መኪናዋ ላይ የተሠራ ነገር አለ ወይ? ራዲዮ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ጋራዥ፣ ምንም ይሁን ምን። ምንም አልተሠራም ብዬ ወዲያው መለስኩላት። ሆን ብዬ አልዋሸሁም፤ ግን ይህቺን መልስ በኋላ ዋጥ አድርጌያታለሁ።

4ኛው በሙሉ ልብ ፈረደ፤ ጥፋተኛው ራዲዮው ነው። ያለ ቁልፍ ይሠራል ወይ ሲለኝ፣ እንዲያውም ቅዳሜ መኪና እያጠብኩ ኳስ የምሰማው ቁልፉን ቤት ትቼ ነው ብዬ ኮራሁበት። ሳቀብኝ። ከውጭ ተገዝቶ የሚገጠም ራዲዮ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመድ አለው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ያገኛል፣ ለሰዓትና ለማስታወሻ፤ ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ማግኘት አለበት። ገጣሚው የቁልፉን መስመር ፍለጋ ዳሽቦርድ መፍታት ሲሰለቸው ሁለቱን ጠምዝዞ አንድ ላይ ያስራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ራዲዮው በጣት ይጠፋል እንጂ አይተኛም።

5ኛውና 6ኛው የመጡት ስለ አዛውንቱ ምክር ነበር። 5ኛው በትሕትና፣ ጋሼ እያለ ነው የጻፈው። ሞተር እየሠራ ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨው የሚያርፍበት ያጣና ቮልቱ በቅጽበት ይዘላል፤ የሞተሩን ኮምፒውተርም ራዲዮውንም ሊያቃጥል ይችላል። በፊያት 124 ላይ የሚቃጠል ኮምፒውተር ስላልነበረ ዘዴው በዘመኑ ጉዳት አልነበረውም ብሎ ክብራቸውን ጠበቀላቸው። 6ኛው ይህ ሁሉ ወግ አላስፈለገውም። በዚህ ምክር የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሎበት ሶማሌ ተራ ሲንከራተት እንደከረመ፣ እንዲህ የሚመክር ሰው ስልኩን ለልጅ ልጁ ቢሰጥ እንደሚሻል ጻፈ።

7ኛው መልስ ወሬውን ወደ ቁም ነገር መለሰው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ነው፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ባትሪው ይሞላ። የቴስተሩ ቀይ ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ይዛወር። መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ቁልፍ ወጥቶ፣ ኮፈኑ ክፍት ሆኖ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ ከቴስተሩ ጫፎች አንዱ የተፈታው ካቦ ላይ፣ ሌላው የባትሪው አናት ላይ ይደረግ። አሁን ከባትሪው የሚወጣው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል። ቫልቮላ (ፊውዝ) ለመንቀል በር መክፈት ስለሚያስፈልግ፣ በሩ ሲዘጋ የሚጫነውን ማብሪያ ጫን አድርገው ቢይዙት መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ አለበለዚያ የምንለካው የጣሪያውን መብራት ነው። ከዚያ መጠበቅ። እሱ የሚሠራባቸው አዳዲስ መኪኖች ኮምፒውተሮቻቸው እስኪተኙ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ የኔ ዓይነቷ ኮሮላ ግን ብዙ አታስጠብቅም። ከ50 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ ጤነኛ ናት። ከበለጠ ቫልቮላ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚወድቅ ማየት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያም ጨምሯል። ቴስተሩ በዚህ መልክ ተገጥሞ ሳለ ቁልፍ ማዞር ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ የቴስተሩ ቫልቮላ በቅጽበት ይሄዳል። ለክተው ሲጨርሱ ደግሞ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መመለስ።

8ኛው አዛውንቱ ነበሩ። የተናደዱት በ6ኛው እንጂ በ5ኛው አልነበረም። ልጅ ሲያርም እንደ 5ኛው ነው፣ 6ኛውን ግን ያሳደገው ሰው ይፈረድበታል ብለው ወጡ። 9ኛው ሁለቱንም ወገን ተዉ ብሎ ገላገለ።

10ኛው የ7ኛውን ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ በራሱ ላይ የደረሰ ነው ብሎ ተረከልን። አምፔር ለክቶ ገመዱን ሳይመልስ ቮልት ልለካ ብሎ ሁለቱን ጫፍ ባትሪው ላይ ሲያሳርፍ ብልጭታው ፊቱ ድረስ መጣ፤ የቴስተሩ ጫፍ ቀለጠ። በ10 አምፔር ቀዳዳ ያለ ቴስተር ለባትሪው ተራ ሽቦ ማለት ነው።

11ኛው የራሴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለካሁ። መጀመሪያ በደስታ ቁልፍ አዞርኩና የቴስተሬን ቫልቮላ አቃጠልኩ። (7ኛውን ሦስት ጊዜ ማንበቤን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ አትታዘቡኝ።) ቫልቮላውን ለውጬ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቁጥሩ 0.45 ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ።

12ኛው የሒሳብ መምህር ሳይሆን አይቀርም፤ ለምን ሰኞ ብቻ እንደሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት 61 ሰዓት አለ። 61 በ0.45 ሲባዛ 27 አምፔር ሰዓት ያልፋል። ባትሪዬ 45 ነው፤ ከግማሹ በላይ ሄደ ማለት ነው፤ በቀረው ሞተሪኖ አይዞርም። በሥራ ቀናት ግን መኪናዋ የምትቆመው ሌሊቱን 13 ሰዓት ስለሆነ የሚጠፋው 6 አካባቢ ነው፤ እሱንም ጠዋት በመንገድ ላይ ዲናሞው ይተካዋል። ሌባው ሁሌም ቤት ነበር፣ እኔ የማየው ሰኞ ብቻ ነው። አንድም ኤሌክትሪሺያን እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም።

ከዚህ በኋላ ወሬው መንገድ ሳተ። 13ኛው የኤፍኤስአር ሾፌር ነው። የጭነት መኪናው 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት ባትሪ ተከታትሎ ታስሮበታል፤ ሁልጊዜ የሚሞተው አንደኛው ብቻ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ባትሪ ሲቀይር ከረመ። በመጨረሻ ሲታይ ራዲዮው 12 ቮልት ስለሚፈልግ ገጣሚው ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መስመር ስቦለት ኖሯል። ያኛው ባትሪ ብቻውን ይበላል፤ ዲናሞው ደግሞ ሁለቱንም እኩል እንደተራቡ ቆጥሮ ሲሞላ አንዱ ይጠማል፣ ሌላው ከአቅሙ በላይ ይጋታል። መድኃኒቱ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ዕቃ ገዝቶ ራዲዮውን በእሱ በኩል ማብላት ነበር። ለኮሮላዬ ባይጠቅመኝም ከሁሉ የወደድኩት ታሪክ ይህ ነው።

14ኛው የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ የሚባል ጣጣ ያለፈበት መሆኑን፣ እኛ ገና በድንጋይ ዘመን እንደምንኖር ጻፈ። 15ኛው ደስታውን አላስረዘመለትም። የኤሌክትሪክ መኪናም 12 ቮልት የሆነች ትንሽ ባትሪ አለችው፤ በሩን የምታስከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የምታበራው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው ግዑዝ ነው፤ ገፍቶ ማስነሳት ደግሞ የለም። 14ኛው ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

16ኛው ወደ ዲናሞው መለሰን። 14.1 ቮልት ማሳየቱ መሙላቱን ያረጋግጣል እንጂ አለማፍሰሱን አያረጋግጥም አለ። ዲናሞው ውስጥ ዳዮዶች አሉ፤ ወደ ባትሪው እንዲሄድ እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንዱ ከተበላሸ ቀን የሞላውን ሌሊት መልሶ ይጠጣል። ቫልቮላ በመንቀል ብቻ እሱን መያዝ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ወፍራሙ ገመድ በትንንሾቹ ቫልቮላዎች በኩል አያልፍም። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድሞ ፈትቶ፣ የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ነቅሎ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከዚያ ድጋሚ መለካት። አደረግሁት። 0.45። ዲናሞው አሁን በትክክል ነፃ ወጣ።

17ኛው ሚኒሶታ ነው ያለው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆን ባትሪ ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚሰጥ ነገረንና ብርዱ ይሆናል ብሎ ገመተ። 18ኛው አዲስ አበባ ውስጥ በረዶ የሚያውቀው ከሰማይ ሲወርድ ብቻ እንደሆነ አስታወሰው።

19ኛው እንደገና እኔ ነኝ። ቫልቮላ ስነቅል ዋልኩ። የመብራቱ፣ የክላክሱ፣ የፍሬቻው፣ አንዱም ቁጥሩን አላወረደውም። ኮፈኑ ሥር ባለው ሳጥን ዶም የሚል የተጻፈበትን ስነቅል 0.45 ወደ 0.01 ወረደ። ከቫልቮላው የሚወጣው መስመር የጣሪያ መብራት፣ ሰዓትና ራዲዮ ላይ እንደሚደርስ ሽፋኑ ላይ አነበብኩ።

4ኛው ይህን ሲያይ 20ኛ ሆኖ ተመለሰ። ሠርግ ነበር። የተጠራጠሩትን በቁጥር እየጠራ ቆጠራቸው። 21ኛው ቫልቮላ መንቀል ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አያሳይም ብሎ ለማቀዝቀዝ ሞከረ፤ በአንድ ቫልቮላ ሥር ብዙ ዕቃ አለ። 4ኛው ሰውየውን ራዲዮ ሻጭ ነህ ወይ አለው። ለማንኛውም ራዲዮውን ከነሶኬቱ ነቀልኩት። 0.40። ከ0.45 የቀነሰው 0.05 ብቻ ነው። 22ኛ አድርጌ ውጤቱን ስለጥፍ ለአንድ ቀን ሙሉ ማንም አልጻፈም።

በማግስቱ ዝምታውን የሰበረው 12ኛው ነው፣ አሁን 23ኛ ሆኖ። የቀረው 0.40 አምፔር ነው፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 5 ዋት ሊሞላ ምንም አይቀረው። 5 ዋት ደግሞ የትንሽ አምፖል ልክ ነው። ኮምፒውተርም ሾርትም አትፈልግ፣ አንድ ቦታ አምፖል በርቶ አድሯል ሲል ደመደመ። የጣሪያውን አየሁ፣ ጠፍቷል። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አምፖል የለም። የቀረው የኋላው ኮፈን ነው። ግን እሱን እንዴት ታያለህ? ስትከፍተው ይበራል፣ ስትዘጋው አታየውም። የፍሪጅ መብራት ነገር ነው።

24ኛው ልጅ አስገብቶ መዝጋት ነው አለ። ቀልዱን መሆን አለበት። 25ኛዋ፣ እናት ናት መሰለኝ፣ ልጅ የሚታፈንበትን ነገር በቀልድም አታንሳ ብላ በጣም ጠንከር ባለ ቃል ገሠጸችው፤ ልክ ነች። መፍትሔውንም እሷው ሰጠች፤ ስልክህን ቪዲዮ ላይ አድርገህ አስቀምጠው፣ ዝጋው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አውጥተህ ተመልከት።

26ኛው ላይ የቪዲዮውን ነገር ጻፍኩ። ኮፈኑ ሲዘጋ ጓ ይላል፣ ከዚያ ትርፍ ጎማው፣ የልጄ ኳስ፣ ያረጀ ጃንጥላ፣ ሁሉም እንደ ሱቅ መስኮት ደምቀው ይታያሉ። ለአንድ ደቂቃ ሙሉ። አምፖሉን ነቀልኩት፤ ራዲዮው ተነቅሎ ሳለ ቁጥሩ 0.02 ሆነ።

27ኛዋ 3ኛዋ ናት። የኋላው ኮፈን ተነክቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከአራት ወር በፊት አንድ ታክሲ ከኋላ ገጭቶኝ መኪናዋ ላሜራ ቤት ገብታ ነበር። መቆለፊያው ተቀይሯል፤ መብራቱን የሚያጠፋው ማብሪያ ያለው እዚያው መቆለፊያው ላይ ነው፤ የተገጠመው አሮጌ ዕቃ ኮፈኑን ይይዛል እንጂ ማብሪያውን አይነካውም። እኔ የኤሌክትሪክ ሥራ መስሎኝ ነው ምንም አልተሠራም ያልኩት፣ ቆርቆሮ አልቆጠርኩትም። ይቅርታ ጠየቅኳት። አንድ የሳቀ ፊት ብቻ ላከች፤ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

28ኛው የ4ኛው ነው፤ እጅ አልሰጠም። 0.05 ያልከው የማን ነው ሲል ያዘኝ። ዳሽቦርዱን ፈትቼ አየሁት፤ ቀዩና ቢጫው ገመድ በአንድ ጥቁር ፕላስተር ታቅፈው ተኝተዋል። 21ኛው፣ በ29ኛ መልሱ፣ 50 ሚሊአምፔር በተፈቀደው ልክ ውስጥ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ ግን በዚህ ለ4ኛው እፈርዳለሁ፤ 50 ለመኪናው በሙሉ የተፈቀደ ልክ ነው እንጂ ለራዲዮ ብቻ አይደለም። 0.05 በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ ለሦስት ሳምንት ክፍለ ሀገር ወጥቼ ብመለስ የባትሪዬ ግማሽ የለም። ቀዩን ከቁልፉ መስመር ጋር አሳሰርኩት። ቅዳሜ ኳስ ለመስማት አሁን ቁልፍ ይዤ እወጣለሁ።

30ኛው 1ኛው ሰው ነው። የሞተር ማስነሻ ባትሪ በተደጋጋሚ ባዶ ሲሆን ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያበጃሉ፤ ስለዚህ አዲሱ ባትሪዬ እድሜው ማጠሩ አይቀርም፣ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ቢሞላ ግን የተወሰነውን ይመልሳል አለ። አሮጌውስ የት ነው ሲለኝ ለቆራሌው መሸጤን ነገርኩት። ምናልባት እሱም ደህና እንደነበረ ጠቆም አድርጎ አለፈ። አዛውንቱም በዚያው መልስ ሥር ብቅ ብለው በፊያት 124 ላይ ዘዴያቸው ዛሬም እንደሚሠራ፣ ለነገሩ ያህል ግን ስልኩ ኮፈን ውስጥ ሲገባ የራሱ መብራት ጠፍቶ መሆን አለበት ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ጋሼ፣ ጠፍቶ ነው።

31ኛው ዛሬ ጠዋት የመጣ ነው። የባጃጁ ክላክስ ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ እንደሚጮህ የጻፈ ልጅ ነው። እስካሁን የመለሰለት የለም።